ከምድር በታች ስላደረግነው ጉዞ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





 የምንናገረው በአንድ ጠባብና ውሃ በሚሄድበት ዋሻ ውስጥ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ የመጣነው ጀብዱ ለመተረክ አይደለም። ከጉዞው ከተመለስን ጀምሮ በመኝታ ቤቱም በምግብ አዳራሹም «ሳይጨርሱ ተመለሱ አሉ» የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው እውነት ነው፤ ሳንጨርስ ተመልሰናል። ነገር ግን ለምን እንደ ተመለስን፣ መመለሳችንም ከምን ሊቆጠር እንደሚገባው ወሬው አይናገርም። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ሌላ ቡድን ወደ ዋሻ ለመሄድ እየተዘጋጀ መሆኑን ሰምተናል። ስለዚህ ንግግራችን ለሁላችሁም ቢሆን በተለይ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

አስቀድመን ማን እንደ ሆንን እንግለጽ። ስድስት ነበርን። አራታችን የይፋት ቆላ ልጆች ነን፤ ያደግነውም በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ነው። አምስተኛው ሥነ ምድር የሚያጠና ጓደኛችን ሲሆን፣ መሪያችን የነበሩት ከዚህ በፊት ብዙ ዋሻ ያዩ አንድ መምህራችን ናቸው። «የይፋት ልጅ ዋሻ ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም። እኛም እርስ በርሳችን ተጠያይቀናል። መልሱን ግን ያገኘነው እዚያው ከመሬት በታች፣ ውሃው እስከ ጉልበታችን ሲደርስ ነበር።

፩. ዋሻ የት ይገኛል?

ከጣርማ በር አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ይፋት ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርድና፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ከታች ሲደርስ ሸሚዙንም ይጠላዋል። ይህ ሁሉ ገደልና ተረተር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በውሃ ይሸረሸራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይናዳል፤ ነገር ግን በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ በአገራችን በይፋት የገደል ጥግና የእረኛ መጠለያ የሚሆን ዋሻ አይጠፋም እንጂ፣ ውሃ ቆፍሮት ኪሎ ሜትሮች የሚሄድ ዋሻ አይገኝም። እኛ በልጅነታችን ያወቅነው ትልቁ የምድር ውስጥ መንገድ የጣርማ በር ዋሻ ነው። እርሱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ቢረዝም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሰው የፈለፈለው የመኪና መንገድ ነው።

ረጅም ዋሻ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር ነው። የዝናብ ውሃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይዞ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት በጣም ቀላል የሆነ አሲድ ይሆናል። ይህ ውሃ ቢጠጣ አይጎዳም፤ እጅም አያቃጥልም። የኖራን ድንጋይ ግን ያሟሟዋል። በመጀመሪያ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይገባል። ስንጥቋ ስትሰፋ ብዙ ውሃ ታስገባለች፤ ብዙ ውሃ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ትሰፋለች። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ያች ስንጥቅ ሰው ቆሞ የሚሄድባት አዳራሽ ልትሆን ትችላለች።

በአገራችን ከዚህ ዓይነቱ ሁሉ ስመ ጥሩው በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የወይብ ወንዝ ከምድር በታች ገብቶ፣ ዓምድ በመሰሉ ድንጋዮች መካከል አልፎ፣ በሌላ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ የዋሻ ተመራማሪዎች ለክተው ካርታ ሲያነሡለት የመተላለፊያዎቹ ጠቅላላ ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሼኽ ሶፍ ዑመር ሲሆን እስከ ዛሬም የጸሎትና የዚያራ ስፍራ ነው። በምዕራብ ሐረርጌም በመቻራ አካባቢ በዚያው በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተሠሩ ብዙ ዋሻዎች አሉ።

እኛ የገባንበት ዋሻ የሚገኘው በዚያው በሐረርጌ ነው። ስሙንና መግቢያውን አንናገርም። ምክንያቱም ዋሻው ጠባቂ የለውም፤ ጠባቂ የሌለው ዋሻ ስሙ ሲገንን ሰው ይበዛበታል፤ ሰው ሲበዛበትም ግድግዳው በስም ይሞላል፣ የተንጠለጠለው ድንጋይም እየተሰበረ ለማስታወሻ ይወሰዳል። ለመሄድ የሚፈልግ ሁሉ ከመምህራችን ጋር ይነጋገር።

፪. ጉዞው እንዴት ነበር?

በየካቲት መጨረሻ በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪና በገለምሶ በኩል አድርገን ሄድን። ከዋሻው አጠገብ ያሉ አንድ አዛውንት በቤታቸው ተቀበሉን። ከመካከላችን አንዱ ያደገው በከሚሴ አጠገብ ስለ ሆነ ኦሮምኛ ይችላል፤ ያስተረጎመልንም እርሱ ነው። አዛውንቱ ቡና አስፈልተው ካጠጡን በኋላ ወደ ሰሜን የሚታየውን ተረተር በከዘራቸው አመለከቱና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ሰማዩን እዚህ አትዩት፤ እዚያ እዩት። ወደ ሆልቃው የሚገባው ውሃ የዚህ ደጅ ውሃ አይደለም፤ የዚያ ተራራ ውሃ ነው።»

እኛ የይፋት ልጆች ይህንን ስንሰማ ተያየን። ሮቢ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ከአባቱ የሚሰማው ይህንኑ ነውና። በቆላ ፀሐይ አናት እየበሳ ወንዙ ይሞላል። ጎርፉን የሚልከው በላያችን ያለው ሰማይ ሳይሆን የደጋው ሰማይ ነው። ስለዚህ እረኛ ከብቶቹን ወንዝ ውስጥ ሲያጠጣ የሚመለከተው ደመናን ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ይመለከታል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ገለባና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ጎርፉ እስኪታይ አይጠብቅም።

ከመግባታችን በፊት መምህራችን አምስት ነገር አስማሉን። አንደኛ፣ ማንም ብቻውን ከቡድኑ አይለይም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ይይዛል፤ አንዱ በሄልሜቱ ላይ፣ ሁለቱ በውሃ የማይበላሽ ከረጢት ውስጥ። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ውጭ ቀርቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ካልወጣን ለመንደሩ ሰዎችና ለወረዳው ይናገራል እንጂ ሊፈልገን ብቻውን አይገባም። አራተኛ፣ ከዋሻው ምንም አይወሰድም፣ ምንም አይጣልበትም። አምስተኛው ይህ ነበር፦ ከመካከላችን አንድ ሰው «እንውጣ» ካለ ሁላችንም እንወጣለን፤ ክርክሩ ውጭ ነው የሚደረገው።

አንዱን ጓደኛችንን ከአዛውንቱ ልጅ ጋር በዋሻው አፍ ትተን ከጧቱ በሦስት ሰዓት አምስት ሆነን ገባን። በመጀመሪያ መንገዱ ሰፊ ነበር። ቁርጭምጭሚት የምትደርስ ንጹሕ ምንጭ ከእኛ ጋር ወደ ውስጥ ትሄዳለች። በጣሪያው ላይ የሌሊት ወፎች እንደ ደረቀ ቋንጣ ተንጠልጥለዋል። የእነርሱ ኩስ በደረቀበት ቦታ ስናልፍ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፈንን፤ አቧራው የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

ከዚያ ጣሪያው እየወረደ፣ ወለሉም እየጠለቀ ሄደ። ጎንበስ ብለን ሄድን፤ ቀጥሎ በጉልበታችን ዳኽን፤ በመጨረሻም ውሃው ደረት ደርሶ በውሃውና በጣሪያው መካከል የቀረው አየር ግማሽ ስንዝር ያህል ሆነ። እዚህ ላይ መምህራችን ገመድ ይዘው ቀድመው ተሻገሩና ከወዲያ ማዶ ካለ ድንጋይ ጋር አሰሩት። እኛም ሄልሜታችንን አውልቀን፣ አፍንጫችንን ወደ ጣሪያው አቅንተን፣ ገመዱን በእጃችን እየተከተልን አንድ በአንድ አለፍን። እዚያ ውስጥ ትንፋሽ ሲወጣ ጣሪያው ላይ ተመትቶ ወደ ፊት ይመለሳል። ማንም ሰው ማዕበል እንዳያስነሣ በዝግታ ይራመዳል፤ ትንሽ ማዕበል እንኳ አየሩን ይዘጋዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ ጠባቡ በር መጣ። ከፍታው ከስንዝር ተኩል የማይበልጥ፣ ርዝመቱ የሦስት ሰው ቁመት የሚያህል ቀዳዳ ነው። በወለሉ ላይ አራት ጣት ያህል ውሃ ይሄድበታል። ይህንን የሚያልፍ ሰው አንድ እጁን ወደ ፊት፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ትከሻውን ያጠብባል። ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ አንዱ ጆሮው ውሃ ውስጥ ይሆናል። የሚራመደው በእግሩ ጣትና በክርኑ ብቻ ነው። ደረቱ ሲያዝ ትንፋሹን ያስወጣል፤ ደረቱ ሲጎድል ጥቂት ይገፋል፤ ከዚያ እንደ ገና ይተነፍሳል። ጉልበት እዚያ አይሠራም። እንዲያውም የሚታገል ሰው ጡንቻው ስለሚወጠር ይበልጥ ይጣበቃል። ቀጭኑ ጓደኛችን ቀደመ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው መካከል ሆነ፤ እያንዳንዳችን ስናልፍ ከወዲያ ያለው «ደርሻለሁ» ብሎ ይጣራል። አምስታችን ለማለፍ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን።

ስለ ብርድም እንናገር። ዋሻው ውርጭ የለበትም፤ ሙቀቱም ከቀን እስከ ሌሊት አይለዋወጥም። ነገር ግን ልብሱ የራሰ ሰው ቁጭ ባለ ጊዜ ሙቀቱን ውሃው ይወስድበታል። የይፋትን ሐሩር ለምደን ያደግን እኛ ጥርሳችን ይጋጭ ጀመር። ጣታችን ደነዘዘና የከረጢቱን ማሰሪያ ለመፍታት አቃተን። መምህራችን በሶ በጥብጠው አጠጡን። ያን ጊዜ የገባን ነገር ቢኖር ብርድ በዋሻ ውስጥ የሚነካው ገላን ብቻ ሳይሆን ማሰብንም መሆኑ ነው። ከመካከላችን አንዱ በሶውን ጠጥቶ ሳለ «እኔስ መቼ ነው የምጠጣው?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ አንድ ሌላ ጠባብ በር ነበር። ከእርሱ ወዲያ ትልቅ አዳራሽ እንዳለ፣ በውስጡም ነጫጭ የድንጋይ ዓምዶች እንደ ቆሙ መምህራችን ነግረውናል። የመጣነው ያንን ለማየት ነው። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። የቀረን መንገድ በግምት አሥር ደቂቃ ነው።

ከሸዋ ሮቢት የመጣው ጓደኛችን በዚያን ጊዜ መብራቱን ወደ እግሩ አዘንብሎ ዝም አለ። ከጥቂት በኋላ «ውሃው ደፈረሰ» አለ። ሁላችንም ተመለከትን። ጧት ጠጠሩ የሚታይባት ምንጭ ወተት ጠብ እንዳለባት ሻይ ሆናለች። ገለባ ይዛ መጣች፤ ቀጥሎም የፍየል በጠጥ እየተንሳፈፈ አለፈ። የፍየል በጠጥ በዋሻ ውስጥ አይበቅልም። ከሜዳ የተጠረገ መሆኑ ግልጽ ነው። ጓደኛችን «እንውጣ» አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ሁላችንም ደስ ብሎን አልተመለስንም። አንዳችን «ውሃው እኮ አልጨመረም፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የቀረን» አለ። ሥነ ምድር የሚያጠናው ጓደኛችንም ያችን አዳራሽ ለማየት አንድ ዓመት ሲያስብ የኖረ ነው፤ ቃል ሳይናገር ጠባቡን በር ሲመለከት አይተነዋል። መምህራችን ግን «የተማማልነው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ተመለስን።

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው የባሰ ነበር። ምክንያቱም ውሃው ከዋሻው አፍ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ፣ የሚወጣ ሰው ፊቱን ለውሃው ሰጥቶ ነው የሚሄደው። በጠባቡ በር ሁለቱ ቀድመው አለፉ። ሰፊ ትከሻ ያለው ጓደኛችን ግን መካከል ላይ ሲደርስ ተያዘ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለ። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን ሰውነቱ ቀዳዳውን ስለ ዘጋው እንደ ግድብ ሆነ፤ ውሃው ከፊቱ ይጠራቀም ጀመር። አራት ጣት የነበረው ውሃ አገጩ ላይ ደረሰ። ከኋላው የነበሩት መምህራችንና ሥነ ምድር የሚያጠናው ጓደኛችን ደግሞ የውሃው ድምፅ ሲቀንስ ሰሙ፤ ውሃው ወደ እነርሱ ማለፉን ትቶ ነበርና።

ያን ጊዜ ያዳነው እርጋታ ነው። ከፊቱ ያለው እጁን ይዞ «አትታገል፤ ተንፍስና ልቀቅ» እያለ እንደ ሕፃን አባበለው። ከኋላ ያሉት መምህራችን በእጃቸው ዳብሰው የቀበቶው ዘለበት ከድንጋዩ ጋር መያዙን አገኙትና በሰንጢ ቀበቶውን ቆረጡት። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ትንፋሹን አስወጣ፤ ከፊት ተሳበ፤ ከኋላ ተገፋ፤ ወጣ። ይህ ሁሉ ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እርሱ ግን እስከ አሁን ግማሽ ቀን ነበር ይላል።

ውሃው ደረት ይደርስበት ከነበረው ቦታ ስንመጣ ግማሽ ስንዝር የነበረው አየር ሦስት ጣት ሆኗል። ገመዱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ድፍርስ ውሃ አቅጣጫችንን ለይተን እናልፍ ነበር ለማለት አንደፍርም። ገመዱን ይዘን አንድ በአንድ አለፍን። በዘጠኝ ሰዓት ከዋሻው ወጣን።

በውጭ ፀሐይ ነበር። በዋሻው ደጅ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በሰሜን ያለው ተረተር ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከወጣን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያች ምንጭ ቀይ ጎርፍ ሆና መጣች፤ እየተንፏፏች ወደ ዋሻው አፍ ገባች። ማንም ምንም አልተናገረም። አዛውንቱም በቋንቋቸው መረቁንና ቡና ይፈላ ብለው ወደ ቤታቸው መሩን።

ክርክሩ እንደ ቃላችን ውጭ ተደረገ፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ከመካከላችን «አሥር ደቂቃ ሄደን አሥር ደቂቃ ብንመለስ እንደርስ ነበር» የሚል አለ። ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ጠባቡን በር እስከ ጣሪያው ይሙላው አይሙላው አላየንም። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በጠባቡ በር የተያዘው ጓደኛችን የተያዘው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቢሆን ኖሮ ውሃው አገጩ ላይ ይቆም ነበርን? ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ብሎ የሚምል ሰው እስካሁን አላገኘንም።

፫. የሌሎች ትምህርት

ይህ የእኛ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። በታይላንድ አገር ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. 12 ልጆች ከእግር ኳስ አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ወደሚባል ዋሻ ገቡ። ልጆቹ ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ከገቡ በኋላ ዝናብ ዘነበ፤ ውሃው በኋላቸው መንገዱን ዘጋባቸው። ሁለት እንግሊዛውያን ጠላቂዎች ያገኟቸው ሰኔ 25 ቀን ሲሆን፣ ሁሉም በሕይወት የወጡት ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 3 ቀን ነው። ዓለም ይህን ሲያስታውስ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ደስታውን ነው። ነገር ግን ሳማን ኩናን የተባለው የቀድሞ የባሕር ኀይል ባልደረባ አየር የሞላባቸውን ጋኖች ወደ ውስጥ አድርሶ ሲመለስ ሰኔ 29 ቀን ሞተ። ሌላው ነፍስ አዳኝም በሥራው ላይ ሳለ በያዘው የደም መመረዝ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ ዐረፈ። እንግዲህ ዋሻ ውስጥ የሚታገት ሰው የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለም በመያዣ የሚሰጠው፤ ሊያወጣው የሚመጣውን ሰው ነፍስ ጭምር ነው።

በዚያ ላይ ለታይላንድ ልጆች ከብዙ አገር ጠላቂ፣ መሐንዲስና የውሃ መሳቢያ መጣላቸው። በሐረርጌ ተራራ ለታገቱ አምስት ሰዎች ማን ይመጣል? የሚመጡት የመንደሩ ገበሬዎች ናቸው፤ በባዶ እግራቸውና በፋኖስ። እነርሱ ደግሞ የሰው ልጅ ተይዞ ዝም አይሉም፤ ይገባሉ። ይህንን ሳያስብ የሚሄድ ተማሪ ደፋር ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

፬. ዋሻ የሚጠብቅልን ነገር

«ታዲያ ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ ምን አስኬዳችሁ?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር እንመልሳለን።

የመጀመሪያው ዕውቀት ነው። ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ የሟሟ ኖራ ይዞ ስለሚወርድ በወለሉ ላይ ጠብታ በጠብታ ዓምድ ይሠራል፤ ስታላግማይት የሚባለው ነው። በመቻራ ዋሻዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራትና እንግሊዛዊው የዋሻ ሳይንቲስት አንዲ ቤከር ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እነዚህን ዓምዶች አጥንተዋል። ዓምዱ ሲቆረጥ እንደ ዛፍ ግንድ በውስጡ ቀጫጭን ንብርብሮች ይታያሉ። አንዳንዱ ንብርብር የአንድ ዓመት ነው። የንብርብሩ ውፍረትና በውስጡ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዓይነት በዚያ ዘመን ዝናቡ በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ነበረ ለመመርመር ይረዳል። የዝናብ መለኪያ በአገራችን ሳይተከል፣ ስለ ድርቅ የሚጽፍ ጸሐፊም ሳይኖር፣ ድንጋዩ መዝገብ ይዞ ቆይቶልናል። ጎብኚ ለማስታወሻ ብሎ የሚሰብረው እንግዲህ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ የዝናብ መዝገብ ነው። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የቆላ ልጅ ይህን ማቃለል አይችልም።

ሁለተኛው የሰው ታሪክ ነው። ከይፋት ሽቅብ በመንዝ ላሎ ምድር በዘረት አመጸኛ ዋሻ የሚባል ዋሻ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. አርበኞች ከሚስቶቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከሽማግሌዎቻቸው ጋር በዚህ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ሳለ የፋሺስት ጦር ከበባቸው። በመርዝ ጋዝም ጭምር ወጋቸው። መሪያቸው ተሾመ ሻንቁጥ ከጥቂቶች ጋር ከበባውን ጥሶ ሲወጣ፣ እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ ብዙዎቹ ተረሸኑ። በዚያ ያለቁት ሰዎች ብዙ መቶዎች ናቸው። ነገሩ በአካባቢው ሰው ዘንድ ሳይረሳ ቢኖርም፣ በውጭው ዓለም የታወቀው ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ከጦሩ መዛግብት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታውን ካገኘ በኋላ ነው። የሟቾቹ ዐፅም እስከ ዘመናችን ድረስ በዋሻው ውስጥ ነበረ።

እኛ ለጉዞ ስንነሣ የአንዳችን አያት፣ የመንዝ ተወላጅ ናቸው፣ «ዋሻ የሚገባው እኮ የተሰደደ ሰው ነው፤ እናንተን ማን አሳደዳችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። በዚያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰማነው። አሁን ግን እንደዚያ አንሰማውም። ለእርሳቸው ትውልድ ዋሻ መሸሸጊያና መቃብር ነው። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ወደ ማንኛውም ዋሻ ሲሄድ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ አይቁጠር። የጸሎት ቤት ሊሆን ይችላል፤ የዐፅም ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ የመንደሩ የመጠጥ ውሃ ሊሆን ይችላል። የአካባቢውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም መጀመሪያ ነው። እኛንም ያተረፈን አንድ አዛውንት በቡና ላይ የተናገሩት ቃል ነው።

፭. ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ቡድን ከመነሣቱ በፊት ማኅበሩ የሚከተለውን ተወያይቶ እንዲወስን በአክብሮት እንጠይቃለን።

1ኛ. በማኅበሩ ስም ወደ ዋሻ የሚሄድ ቡድን ሁሉ ከዚህ በፊት ዋሻ ውስጥ የሠራ መሪ ይኑረው፤ ከአራት ሰው አይነስ።

2ኛ. በክረምትም ሆነ በበልግ ዝናብ ወቅት ውሃ ወደሚሄድበት ዋሻ ማንም አይግባ። በበጋም ቢሆን ውሃው የሚመጣበትን ተራራ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይጠየቅ።

3ኛ. የመሄጃና የመመለሻ ሰዓት ተጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤትና ውጭ ለሚቆየው ሰው ይሰጥ።

4ኛ. ሄልሜት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት፣ ገመድ፣ ደረቅ ልብስና ስንቅ ሳይሟላ ጉዞው አይፈቀድ። ማኅበሩ ከአባሎች መዋጮ ጥቂት ሄልሜቶችን ገዝቶ በጋራ ቢያስቀምጥ ለሁሉም ይበጃል። በጠባብ በር ለሚያልፍ ሰውም ቀበቶ አይፈቀድ።

5ኛ. «እንውጣ» ያለ ሰው ቃሉ ይከበር። በዚያም ምክንያት ማንም እንዳይዘባበትበት።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን እናጠብቃለን። ገመድና መብራት በገንዘብ ይገዛሉ። ከሰው ፊት «ይበቃል» ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ግን የሚገኘው ጓደኞቹ እንደማይስቁበት ያወቀ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። በምግብ አዳራሹ «ሳይጨርሱ ተመለሱ» እያልን የምንሳሳቅ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ቡድን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ውሃው ሲደፈርስ አይቶ ዝም ይላል። ዝም የሚለውም ጎርፉን ሳይሆን እኛን ፈርቶ ነው። ወሬያችን እዚያ ድረስ ተከትሎት ይገባል።

አዳራሿ አሁንም እዚያው አለች። ዓምዶቿ በሺህ በሚቆጠር ዓመት የተሠሩ ስለ ሆኑ ለአንድ ዓመት አይጠፉም። በሚመጣው በጋ፣ ተራራው ደረቅ ሲሆን፣ አዛውንቱም ሲፈቅዱልን፣ እንደ ገና እንሄዳለን። ከእናንተ መካከል ከእኛ ጋር ለመሄድ የሚፈልግ ካለ በደስታ እንቀበለዋለን፤ በቅድሚያ ግን አምስቱን ነገር ይምላል።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያለው አሁን ሊናገር ይችላል፤ ክርክሩ ውጭ ነው ብለን የለ፣ ይኸው ውጭ ነን።